የታኘከ ቆሎ

«ሦስት ዓመት ሞላው ሲስተር፤ አይናገርልኝም፣ አያኝክልኝም» አለች ዝናሽ፣ ከፃግብጂ ሰቆጣ ድረስ አዝላው የመጣችውን ልጇን ነርሷ ጭን ላይ እያስቀመጠች።

ሲስተር ይታየሽ አፉን ስትከፍተው፣ በምራቅ የተለወሰ የታኘከ የገብስ ቆሎ ሞልቶታል።

«በዚህ ዕድሜው እያኘክሽ ታጎርሺዋለሽ? አይቀፍሽም?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! አማቴ ነበሩ። እሳቸውም ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል።»

ሲስተር ቅንጣት አላመነቻትም። እየተጸየፈች አፉን እስከ ድዱ ጠራርጋ አወጣችለት፤ በባትሪ አይታ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጣ ዘጋችው። ካርዱ ላይ ለመጻፍ ብዕሯን ስታነሳ የልጁ ጉንጭ ቀስ ብሎ ተነፋ።

ከፈተችው። ቆሎው ሞልቷል፤ ምራቁ ገና አልበረደም።

ልጁ ዋጠና፣ ከሲስተር ራስ በላይ አንጋጦ፣ ለሚቀጥለው ጉርሻ አፉን ከፈተ።