በየደቂቃው

አክስቱ ከሆስፒታል ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ቲማቲም ችግኞቿ ሄደች። ሁሉም ውሃ ተኝቶባቸው በስብሰዋል። በየቀኑ እየመጣ እንዲያጠጣላት አደራ ብላው ነበር፤ እሱ ግን መመላለሱን ጠልቶ የውሃ ፓምፑን በራሱ የሚከፍት ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ገጠመ። ለሙከራ በየደቂቃው ቀጭ እያለ እንዲከፍት አዝዞት፣ ወደ «በየቀኑ» መቀየሩን ረሳው። ዛሬ ቀድሟት ገብቶ ጉዱን ሲያይ መቆጣጠሪያውን ከነባትሪው ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«የእኔው ጥፋት ነው፣ ስሄድ ውሃ አብዝቼባቸው ነበር» አለች፣ የወደቀ ግንድ በጣቷ ደግፋ። «አንተማ እግርህ እስኪቀጥን ተመላለስክልኝ።»

ኪሱ ውስጥ ቀጭ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ሰዓቴ ነው፣ እትዬ።»

እጇን ትከሻው ላይ ጭና መረቀችው። «እንዳንተ ያለ ታማኝ ልጅ ይስጥህ።»

አሜን ሊል አፉን ሲከፍት ኪሱ ቀደመው።