አልጋ ሥር ያለው ጡጦ

የግቢው በር ሲንኳኳ ጡጦውን ከልጄ አፍ ላይ እነጥቅና በፎጣ ጠቅልዬ በተረከዜ ወደ አልጋው ሥር እገፋዋለሁ። ሁለቴ እንኳን ሳይስብ ነው የነጠቅኩት። ወዲያው ማልቀስ ይጀምራል።

«እንኳን ጌታ ማረሽ!» እያሉ የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ይገባሉ። አምስት ናቸው። ሰበታ ላይ በተከራየናት በዚህች አንድ ክፍል አምስት ሰው ከተቀመጠ በሩ አይዘጋም። ከኋላቸው አማቴ እማማ ተስፋነሽ ያጠቡትን የልጅ ጨርቅ በሳፋ ይዘው ይገባሉ። ትናንት ማታ ነው ቅቤና ቡላ ተሸክመው ከወላይታ፣ ከአረካ የደረሱት። ከመጡ ጀምሮ አንድ ነገር እንድነካ አልፈቀዱልኝም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጄ ዮአብ በተወለደ በሦስተኛው ቀን እነዚሁ እህቶች መጥተው ወተቴ እንዲወርድ እጃቸውን ደረቴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ሲጨርሱ የሴቶች ኅብረቱ መሪ ሜሪ «እሺ ማርቲዬ፣ ወረደ?» አለችኝ። አምስት ሴት ላብ በላብ ሆና አፍ አፌን ስታየኝ ምን ልበል? «ወርዷል» አልኩ።

በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። እሁድ ሜሪ ማይክ ይዛ ለጉባኤው መሰከረች። ሰው ሁሉ እልል አለ አሉ። ባሌ ኤልቃናም ቆሞ አጨበጨበ፤ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የራስሽ እስኪመጣ ይህን ጨምሪለት ብላ ያዘዘችውን የዱቄት ወተት ቅዳሜ ዕለት የገዛው እሱ ራሱ ሆኖ! ቤት ሲመጣ «ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ?» አለኝ። ዛሬ ገላን ከተማ ካለ መጋዘን ዕቃ እያወረደ ነው፤ ተገላገለ።

አሥረኛ ቀኔ ነው። ነርሷ እንዳለችኝ ጡቴን በየሰዓቱ አጠባዋለሁ፤ ጠብ የሚለው ግን ጉሮሮውን እንኳን አያርስም።

የዛሬው ተራ የማን እንደሆነ ሳይነጋገሩ ቀርተው ከአምስቱ ሦስቱ ገንፎ ይዘው መጥተዋል። አንዷ የገብስ፣ አንዷ የቡላ፣ አንዷ የምን እንደሆነ ያልገባኝ። ደግሞ ሁለት ፔርሙዝ አጥሚት። ደግሞ ሳሙና፣ የሕፃን ልብስ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ከአንዷ ሳህን በልቼ የሌላዋን ብተው ቅሬታ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱም እጎርሳለሁ። ቅቤው በአገጬ ይወርዳል።

«ብዪ፣ ብዪ! ወተት የሚሆነው ይሄ ነው» ትላለች ሜሪ።

ዮአብ ይጮሃል።

«አጥቢው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል? ሁላችንም ወልደናል!»

በነጠላዬ ሸፈን አድርጌ ጡቴን እሰጠዋለሁ። ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ይጮሃል። ምን እንደፈለገ አውቃለሁ። የፈለገው ነገር ከተረከዜ አንድ ስንዝር ርቆ እየቀዘቀዘ ነው። ጎንበስ ብዬ ማውጣት እችላለሁ፤ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። እኔን ለማብላት አምስት ሴት ተሰልፋለች፣ እኔ አንድ ልጅ ማብላት አቃተኝ።

«ሆዱን ነፍቶት ይሆናል» ትላለች አንዷ።

«በዝቶበት ነው። ወተቱ ሲበዛ እንዲህ ያነጫንጫል» ትላለች ሜሪ።

እማማ ተስፋነሽ ሳፋውን አስቀምጠው አልጋው ላይ፣ አጠገቤ ይቀመጣሉ። እግራቸውን ሲሰበስቡ አንድ ነገር ይነካሉ። ጡጦው ከፎጣው ይወጣና ሲሚንቶው ላይ እየተንኳኳ ይንከባለላል። ዝቅ ብለው ያያሉ። ቀና ብለው እኔን ያያሉ። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ ነበር ጡጦ የሰጠሁት፤ በአንድ ክፍል ተኝተው ሳይሰሙ ቀርተው ነው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እንጸልይ» ይላሉ እማማ ድንገት።

«አሁን? ገንፎው ይቀዘቅዛል እኮ፣ እማማ» ትላለች ሜሪ።

«ይቀዝቅዝ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሜን እስክል ማንም እንዳይገልጥ።»

አምስቱም ይጨፍናሉ። እማማ «አባት ሆይ» ብለው ይጀምሩና ቃላቸው ሳይቆራረጥ ጎንበስ ይላሉ። ጡጦውን ያነሳሉ፣ ጫፉን አልጋው ሥር ካለው የእኔ የሙቅ ውኃ ፔርሙዝ ጠብ አድርገው ያጥባሉ፣ ጭኔ ላይ ያስቀምጣሉ። ለዮአብ እሰጠዋለሁ።

ጩኸቱ ቀጥ ይላል። ከዚያ የሚሰማው የመምጠጡ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ጭብ፣ ጭብ፣ ጭብ። ጡጦ የሚጠባ ልጅ ድምፅ ለማንም እናት አይጠፋም። እማማ ስለ ጅማ መንገድ ሾፌሮች ይጸልያሉ። ጭብ፣ ጭብ። ሜሪ ዓይኗን ልትገልጥ ነው ብዬ ትንፋሼን እይዛለሁ።

«አሜን!» ትላለች ሜሪ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ። ዓይኗን ግንባሯ እስኪጨማደድ ጨፍናለች።

«አሜን! አሜን!» ይላሉ ሌሎቹም እየተቀባበሉ። የልጄ ጭብ ጭብ በአሜናቸው ተውጦ አይሰማም።

እማማ ለታመሙት ይጸልያሉ፣ ለታሰሩት ይጸልያሉ፣ ለአከራያችን ለሬሐና ከነከብቶቿ ይጸልያሉ። አማርኛው ሲያልቅባቸው በወላይትኛ ይቀጥላሉ። እንባዬ ገንፎው ላይ ይንጠባጠባል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም።

ጡጦው አየር መሳብ ይጀምራል። እማማ አረፍተ ነገራቸውን መሀል ላይ ትተው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ባዶውን ጡጦ ከእጄ ወስደው ነጠላቸው ሥር ይደብቁና፣

«አሜን» ይላሉ።