ሃምሳ አንድ ፐርሰንት

ብርሃነሽ ስሟን ያዋሰችው በፈረንጆቹ 1991 ነው።

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ ገላው እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የቀለም ቅብና የጥገና ድርጅት ነበራቸው። የመንግሥት ሕንፃ ለመቀባት ሁለት ጊዜ ተጫርተው ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሥራው ባለቤታቸው ሴት ለሆነች ድርጅቶች የተመደበ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀት ይዘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማዋ ድረስ መጡ።

«ሃምሳ አንዱ ፐርሰንት ያንቺ፣ አርባ ዘጠኙ የእኔ። ወረቀት ብቻ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ፈረመች። እንዴት እምቢ ትበል? ባሏ ሞቶባት ከካርቱም ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። ስድስት ወር የኖረችው እሳቸው ቤት ነው። ሥራ ያስገቧትም እሳቸው።

ድርጅቱ በሴት የተያዘ ተባለ፤ ሥራውም መጣ። ሰው የሚቀጥሩት፣ የሚያሰናብቱት፣ ቼክ የሚፈርሙት ግን ጋሼ ገላው ነበሩ። ብርሃነሽ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ሆና ስልክ ታነሳለች፤ ሕንፃ እየዞረች ግድግዳ ትለካለች፤ የጨረታ ዋጋ ታሰላለች። እሳቸው ያሰላችውን ገረፍ አድርገው አይተው «ጥሩ ነው፣ ላኪው» ይላሉ።

ሠራተኞቹ አሥራ አራት ነበሩ። አንደኛው፣ ሚናስ፣ ሊድ የሚባል መርዝ ያለበትን የድሮ ቀለም ሲፍቅ ከርሞ ሳል ያዘው። ብርሃነሽ ማስክ እንዲገዛ ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

«ለሚቀጥለው ኮንትራት» አሏት ጋሼ ገላው፣ ሁለቱንም ጊዜ።

በዘጠና አራት ጸደይ ከመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ቁጥጥሩ ጠበቅ ብሏል፤ በሴት ስም ሥራ የወሰዱ ድርጅቶች በእርግጥም በሴት የሚመሩ መሆናቸው በአካል ተገኝቶ ይታያል ይላል።

ጋሼ ገላው ሳምንት ሙሉ አስጠኗት። ተቆጣጣሪዋ ሚስ ዶርሲ የመጣች ቀን ብርሃነሽን ትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጧትና እሳቸው ቱታ ለብሰው የቀለም ቆርቆሮ ይደረድሩ ጀመር።

ሚስ ዶርሲ ጠየቀች፤ ብርሃነሽ መለሰች። አንድ ፎቅ ስንት ጋሎን እንደሚፈጅ፣ የትኛው ሕንፃ መቼ እንደሚያልቅ፣ ወረቀት ሳታይ ተናገረች። «ድርጅቱን የሚመሩት እርስዎ ነዎት?» ስትባል ብቻ ቱታ የለበሱትን ጋሼ ገላውን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«አዎ» አለች።

እንግዳዋ እንደወጣች ጋሼ ገላው አቅፈው ሳሟት። «አበጀሽ! እንዴት ብትሸመድጂው ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃነሽ ሚስ ዶርሲ ትታላት የሄደችውን የደንብ መጽሐፍ ባስ ውስጥ እያወጣች ታነባለች። ስለ ድርሻና ስለ አመራር የሚናገረውን ገጽ ደጋግማ ከማንበቧ የተነሣ ጫፉ ተጣጠፈ።

እሑድ ጋሼ ገላው ቤት ምሳ ተጠራች። ሚስታቸው አሰፋሽ አጎረሰቻት። ጋሼ ገላው በልጆቻቸው ፊት «ይህን ቤት ያቆመችው እሷ ናት» አሉ። ብርሃነሽ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ሊሸኟት ሲወጡ «አሞሻል እንዴ?» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምኑ?»



ሰኞ ደውላ አፖይንትመንት ያዘች። ሐሙስ አሞኛል ብላ ከሥራ ቀረችና ሚስ ዶርሲ ቢሮ ሄደች።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ሁሉንም ተናገረች፤ ወንበሩን፣ ቱታውን፣ ቼኩን፣ የሚናስን ሳል። ሚስ ዶርሲ እየሰማች ጻፈች።

«ድርሻው በስምዎ የዞረው በሕግ ነው? በጎን የተፈራረማችሁት ሌላ ወረቀት የለም?»

«የለም። እኔን ምን ብለው ይጠርጥሩኝ?» ብርሃነሽ እንባዋ መጣ። «እንደ አባት ናቸው። ሚስታቸው ትናንት እንኳ ምግብ ልካልኛለች። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ሚስ ዶርሲ ሶፍት አቀበለቻት። እንዲህ እያለቀሱ የመጡ ሴቶችን ከዚህ በፊትም አይታለች።

«ይገባኛል» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተጸጽተው በራስዎ መምጣትዎ ይታሰብልዎታል። እንግዲህ ድርጅቱ የእርስዎ አይደለም ብዬ ልጻፍ?»

ብርሃነሽ እንባዋን ጠረገች።

«የእኔ ነው እንጂ» አለች። «ሃምሳ አንዱ ፐርሰንት በስሜ ነው። ጋሼ ገላውን ከሥራ ለማስወጣት የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ?»