የዮዲ ወተት

በዳይዋ ፈለቀች ናት፤ ተበዳዩ ባሏ ሰይፈሥላሴ። ገላን ኮንዶሚኒየም ይህን ያልሰማ አልነበረም፤ ተበዳዩ ራሱ በየደረጃው እየቆመ ተናግሮታልና።

ጥፋቷ ወተት ነበር። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ፣ ለልጅ ልጃቸው ለዮዲ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ወተት ማታ ሲታይ ጎድሎ ይገኛል። ሕፃኗ መዋለ ሕፃናት ትውላለች። ፈለቀች ሱቋን ዘግታ በምሳ ሰዓት ቤት ብቅ ትላለች። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዳዊቱ ቀና አይልም። ታዲያ ማን ይሆናል?

«አንቺ ሆዳም! እኔ ካንቺ ጋር አልቆርብም!» ይላታል፣ ጎረቤት እንዲሰማ በሩን ከፍቶ። ለፋሲካ አብረው ሊቆርቡ ነበር፤ ፈለቀች ይህን ቀን ዓመታት ጠብቃዋለች።

«ፊቷን አታዩትም?» አለች የማዶዋ እድላዊት። «ጾመኛ እንዲህ አይወዛም።»

ፈለቀች ነጠላዋን አንስታ ወደ ሱቋ ወረደች። ዝምታዋ እንደ ማመን ተቆጠረባት።

ሰይፈሥላሴ ግን ጻድቅ ነው። ጾሙ ሊገባ ሲል ሐኪም ቤት ሆዱን በካሜራ ሲያዩት፣ ከጨጓራው ወረድ ብሎ የአንጀቱ መግቢያ ላይ ቁስል ተገኘበት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳ። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከተተወ ይደማል፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ ከባሰም አንጀት ይበሳል። ያመጣው ተሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። ሰይፈሥላሴ ስልኩን ይነካካል። የምትሰማው ፈለቀች ነበረች።

የንስሐ አባታቸው አባ ሀብተሚካኤል እንኳ «ልጄ፣ ለበሽተኛ ይፈቀዳል፤ ብላ፣ ክኒንህንም ዋጥ» ብለውት ነበር። እሱ ጾም ሊገድፍ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም ብሎ ማለ። ክኒኑ እንደታሸገ ቀረ።

ሆሳዕና ሲደርስ አባን ቤቱ ጠርቶ ሚስቱን ከሰሳት።

«ትናዘዝ፣ አለዚያ ትቅር! እኔን ይዩኝ አባቴ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ክኒን የለ፣ ምን የለ። ጾሙ ከገባ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን አላመመኝም። እምነት ማለት ይኼ ነው!»

አባ ወደ ፈለቀች ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

ፈለቀች ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባቴ፣ ሐኪሙ እንዳለን፣ ይህ ቁስል የሚጮኸው ሆድ ባዶ ሲሆን ነው፤ ካጎረሱት ዝም ይላል።»