ባለርስቱ ሸርጣን

መሬት ቀድሞ ለሰፈረበት ይሁን የሚለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ደጀን ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ልቡ አይረጋም። የባሕር ፍጥረት የተገኘበት ግቢ እንደ ባሕር ይቆጠራል፤ በባሕር ውስጥ ደግሞ እሳት አይነድም። አቶ ደምለው ግን ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለዳሱ ምሰሶ ቆፈሩ። ከጉድጓዱ በወጣው ድንጋይ ላይ፣ አገሩ ባሕር ከነበረበት ዘመን የቀረ አንድ የሸርጣን ዘመድ እግሩና ጢሙ ሳይጎድል ድንጋይ ሆኖ ተኝቷል።

«ይሄ ከጨው ውሃ ሌላ አገር አያውቅም» አሉ አቶ ደምለው። «አለቀልን። ሰርጉ ነገ ነው፤ እንግዳውን ጥሬ ሽንኩርት እናብላው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህን ቀንስ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሐረግ። ድንጋዩን ነጥቀው ከወጥ ድስቱ ሥር አንዱን ጉልቻ አወጡና በእሱ ተኩት።

ወሬ አይደበቅምና የባሕር ተቆጣጣሪው ወዲያው ከተፍ አለ። ዳሱንም ጉድጓዱንም አየ። በመጨረሻ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ወጡን ቀመሰና ጉልቻው ላይ ዓይኑን ተከለ።

«እትዬ፣ ጢሙ ይታያል» አላቸው ወይዘሮ የሺሐረግን ቀስ ብሎ። «ፊቱን ወደ እሳቱ ያዙሩት። እኛም ቤት እንደዚያ ነው ያደረግነው።»