የጤነኛ ሰው ልብ

የነርሲንግ ተማሪዋ ዛሬ ከወደቀች ሌላ ዕድል የላትም። ትምህርት ቤቱ የወደቀን ተማሪ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ይፈትናል፤ ከዚያ ወዲያ በሩ የሚከፈትላት ለመውጣት ነው።

ባለፈው የጣላት ፍርሃት ነው። የልብ ማዳመጫውን የበሽተኛው ደረት ላይ አስቀምጣ፣ ከራሷ ጆሮ ጩኸት በቀር ምንም ሳይሰማት፣ «ልቡ ጤነኛ ነው» አለች። ሰውየው ግን የልብ ሕመምተኛ ነበር። መምህርቷ «ያልሰማሽውን ሰማሁ አልሽ» ብላ ጣለቻት። ይህችን መምህርት ተማሪዎቹ «ሚዛን» ይሏታል፤ ወደ ማንም ስለማታጋድል።

ለተማሪዋም በዚያው ቅጽል ወጣላት፤ «ጆሮ ዳባ»። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እርሷ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ሰምታም ለብቻዋ አለቀሰች።

ሚዛን ክፍል ውስጥ ደጋግማ የምትለው ነገር አለ። «መጀመሪያ ጤነኛውን ጠግባችሁ ስሙ። ጤነኛውን በቃሉ ያልያዘ በሽተኛውን አይለይም።» ሌሎቹ ተማሪዎች እርስ በርስ ይለማመዳሉ። ከጆሮ ዳባ ጋር የሚጣመር ግን ጠፋ፤ መውደቅ የሚጋባ ይመስል።

የቀረቻት እናቷ ነበረች።

እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ሐኪም ቤት የረገጠችው ለመውለድ ብቻ መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ በኩራት ታወራለች። ከሱቅ ስትመለስ ከእያንዳንዱ ደጃፍ ቆም ትላለች፤ ልጅቷም «ወሬ አበዛሽ» እያለች ትስቅባታለች። ከእራት በኋላ የስፌት መኪናው መርገጫ ያሳበጠውን እግሯን ከነጠላ ጫማው አውጥታ፣ ትራስ ደራርባ፣ አልጋው ላይ ትቀመጣለች።

«ጋደም በይልኝ እንጂ እማዬ።»

«ተቀምጬ ይሻለኛል። ልብ እንደሆን የትም አይሄድብሽ።»

ልጅቷ ታዳምጣለች። እናትየው በተቀመጠችበት ታንቀላፋለች፤ ልጅቷ ታዳምጣለች። መጀመሪያ የሚሰማት ጉርምርምታ ብቻ ነበር። እየቆየ ምቱ ጠራላት፤ በመጨረሻም እንደ መዝሙር በቃሏ ያዘችው። መጽሐፉን ተወችው፤ መጽሐፍ ድምፅ የለውም።

«ብቻ እለፊልኝ» አለቻት እናትየው ትናንት። «አንቺ ሥራ ስትይዢ እኔም ከዚህ መኪና እላቀቃለሁ። ደክሞኛል ልጄ።»

ዛሬ መፈተኛው ክፍል አልጋ ላይ የተኛው የትምህርት ቤቱ ሾፌር ነው። ሚዛን አንዳንዴ በሽተኛ ታስተኛለች፣ አንዳንዴ ጤነኛ፤ የትኛው እንደሆነ አትናገርም።

«ጋሼ፣ ሸሚዝዎን ልክፈተው?»

«ክፈቺው ልጄ፤ ብቻ ሞተሩን እንዳታወርጂብኝ።»

ደረቱን አየች፣ ዳሰሰች፣ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ማዳመጫውን አስቀመጠች።

ምቱ ጥርት ብሎ መጣ። ግን የጎደለው ነገር አለ። ማዳመጫውን ወደ ጎን አንቀሳቀሰች። እዚያም የለም። የሰውየው ፊት ወዛም ነው፤ ትንፋሹም ደህና ነው። «ጤነኛ ነው» ብትል በተገላገለች። ባለፈው ግን የጣላት ይኸው ቃል ነው። የስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰችው እናቷ ትዝ አለቻት። አልቅሶ ማለፍ ቢቻል ኖሮ እዚያው ተንበርክካ ታለቅስ ነበር።

«እሺ?» አለች ሚዛን።

«ልባቸው ጤነኛ አይደለም ሲስተር።»

ሾፌሩ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። «ምን አገኘሽብኝ? ኧረ ልጆች አሉኝ።»

ሚዛን የራሷን ማዳመጫ ደረቱ ላይ አኖረች። ብዙ አዳመጠች። ከፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«ሸሚዝህን ልበስ» አለችው በመጨረሻ። «የጎረምሳ ልብ ነው ያለህ።»

ተማሪዋ የአልጋውን ብረት ያዘች። አለቀ። ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ማሰብ እንኳ አቃታት።

«ሲስተር፣ በእናትዎ፣ አንዴ ልድገመው። ዛሬ ያልሰማሁትን አልተናገርኩም። የጎደለ ነገር ስላለ ነው።»

«ምንድን ነው የጎደለው?»

«በሁለቱ ምት መሀል ያለው ሽውታ። ደም ሲያልፍ የሚሰማው። እኔ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ እሳቸው ላይ የለም።»

ሚዛን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ አሰሚኝ።»

ተማሪዋ የአልጋውን ብረት በጣቷ መታች፤ በከንፈሯ እፍ አለች፤ ደግማ መታች። ሳታዛንፍ ደጋገመችው።

«ጆሮሽስ ደህና ጆሮ ነው» አለች ሚዛን። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «ጤነኛ ልብ ግን ሽውታ የለውም። አንቺ ያሰማሽኝ የደም ማሳለፊያ በሮቹ መግጠም ያቃታቸው፣ የደከመ ልብ ነው። ቶሎ ካልታከመ አይቆይም። ማን ላይ ነው የተለማመድሽው?»

«እናቴ ላይ» አለች ተማሪዋ።