ከቧንቧው በታች

ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት ደጋግሞ አየና «ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?» አለ። እናትየው ከወንዙ አለች። ቤታቸው ከባትሪ ፋብሪካው በታች ነው። የልጅቷ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትየው ከሩቅ ምንጭ ትቀዳ ጀመር።

የልጅቷ አክስት፣ የእናትየው እህት፣ የፋብሪካው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ የልጅቷ አባት ደግሞ የማጣሪያው ኃላፊ። ፋብሪካው በበጋ የወንዙን ግማሽ በፓምፕ ስቦ አሮጌ ባትሪ ያጥብበታል፤ ከዚያ እርሳሱን በማጣሪያ ለይቶ ውሃውን ይመልሰዋል። ከፓምፑ በላይ ወንዙ ድንጋዩ እስኪታይ ጥርት ያለ ስለሆነ የሚለካው የለም። አክስትየዋ በየማለዳው የምትለካው ከመመለሻው ቧንቧ ነው። ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ትንሽ ወረድ ብላ ወንዙን ስትለካ ግን እርሳሱ ጉድ ነው።

አንድ ሰው ሳያጣራ በስውር ይለቃል ማለት ነው። ያን ማድረግ የሚችለው ደግሞ የእህቷ ባል ብቻ ነው።

«ማጣሪያው በስንት ጊዜ ይቀየራል?» አለችው ምሳ ሰዓት ላይ።

«ወር ይቆያል ብለውን ነበር። በሳምንቱ ድፍን ይላል፤ ምን እንደነካው እንጃ።»

«የምታጥቡት ባትሪ ከምታስመዘግቡት በላይ ነዋ።»

«የገዛ ልጄን ከምመርዝ እጄ ይቆረጥ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አልጣማትም። ሰው ለሥራው ሲል ልጁን እንዲህ ያደርጋል አለች በልቧ።

ማንንም ሳታማክር ለመንግሥት መርማሪዎች አመለከተች። በሁለተኛው ሳምንት ፋብሪካው ታሸገ፤ ፓምፑም ጸጥ አለ። የእህቷ ባል የሥራ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣ በሩ ላይ ተላለፉ። ቀና ብሎም አላያት።

ከሰዓት እህቷ ቤት ሄደች።

«ከእንግዲህ ከምንጭ መሸከም ቀረልሽ» አለቻት። «ወንዙ ድኗል።»

«ባሌን ሥራ አስፈትተሽ ውሃ ትመርቂልኛለሽ?» አለች እህቷ ፊቷን ሳትመልስ። ቢሆንም ወገቧ ዝሎ ነበርና በማግስቱ ጀሪካኗን ይዛ ወንዝ ወረደች።

አክስትየዋ በዚያው ሳምንት ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ሞልታ ለመርማሪዎቹ ላቦራቶሪ ሰጠች። ጥርጣሬ ኖሯት አይደለም፤ የምርመራውን ወረቀት ለእህቷ ባል ልታሳየው ነው። ውጤቱ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። ተሳስተው ይሆናል ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ፓምፑ ከቆመ ወዲህ የወንዙ እርሳስ በእጥፍ ጨምሯል። በሳምንቱ ድፍን ይል የነበረው ማጣሪያ ትዝ አላት፤ ማንም ለክቶት ወደማያውቀው፣ ከፓምፑ በላይ ወዳለው ጥርት ያለ ውሃ ዞራ አየች።